ጅማቱ ከየት ይወሰድ

መስከረም 28 ቀን

ለተከበርሽውና ለምወድሽ ልጄ፣

ይህ ደብዳቤ ከነጤናሽ፣ ከነሥራሽና ከነሳቅሽ ያግኝሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። እናትሽና እኔ የእህትማማች ልጆች ሆነን አብረን አደግን፤ እሷ ካረፈች ወዲህ ግን በእኔና በአንቺ ቤት መካከል የሚመላለሰው በዓመት አንዴ የሚላክ ሰላምታ ብቻ ሆኖ ቀረ። ጥፋቱን በእኔ ላይ አድርጊው። ከዳኝነት ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ አጣሁ ቢል ማንም አያምነውም።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ጉዳይ ገጥሞኝ መሆኑን አልደብቅሽም። እህትሽ፣ የእኔ ልጅ፣ በክረምቱ መግቢያ ሥራ ላይ ሳለች ካርቶን ተሸክማ ስትዞር እግሯ በሁለት ጣውላ መካከል ተሰነቀረ። እግሯ ባለበት ቀረ፤ ሰውነቷ ዞረ። እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት ትላለች። እብጠቱ ሲወርድ ዳነች ብለን ነበር። ነገር ግን ደረጃ ስትወርድ ወይም ድንገት ስትዞር ጉልበቷ ይከዳታል። በቀደም መንገድ ስትሻገር ከድቷት የማታውቀው ሰው ትከሻ ላይ ተንጠለጠለች። ሰውየው ደግ ሆኖ እስከ ማዶ አደረሳት። እሷ ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ አልሳቅሁም።

የአጥንት ቀዶ ጥገና ሐኪማችን በከተማው የታወቀ፣ በአንድ ወቅትም ችሎቴ ፊት ለባለሙያ ምስክርነት ቀርቦ የማያውቀውን አላውቅም ያለ ሰው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አከብረዋለሁ። በጉልበቷ ውስጥ ያለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል ብሎናል። የተበጠሰውን መልሶ መስፋት ስለማያዛልቅ፣ ከራሷ ገላ ሌላ ጅማት ተወስዶ በቦታው ይተከላል። እሱ የሚወስደው ከጉልበት ፊት፣ ሎሚ ከሚባለው ክብ አጥንት በታች ካለው ነው። ይህን ስሰማ ከአንዱ ልጅ ቀምቶ ለሌላው መስጠት መሰለኝ።

አንቺ ይህንኑ ሥራ በየሳምንቱ እንደምትሠሪ ሰምቻለሁ። እህትሽ በግንባታ ሥራ ላይ የተሰማራች፣ ከዚህ በቀር ምንም ሕመም የሌለባት ሴት ናት። የሐኪሙ መንገድ ለእሷ የሚበጅ ነውን? ምክርሽን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

እጆችሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ።

ጋሼ


ጥቅምት 17 ቀን

ለክቡር ጋሼ፣

ካለሁበት ባሕር ማዶ ሆኜ ጎንበስ ብዬ ሰላም እልዎታለሁ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከቀዶ ጥገና ክፍል ወጥቼ ጭንብሌን ሳላወልቅ ነው። የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ የእማዬ ድምፅ መጣብኝ፤ “ጋሼ እኮ ደብዳቤ እንኳ የሚጽፈው ኮት ለብሶ ነው” ትል ነበር። ዛሬም ኮቱን እንዳላወለቁት አይቻለሁ፤ ደስ አለኝ።

ስለ እህቴ አዝኛለሁ፤ ግን አይስጉ። እኛ ጅማት የምንለው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ አጥንትን ከአጥንት ያያይዛል፣ ሌላው ጡንቻን ከአጥንት። የእህቴ የተበጠሰው የመጀመሪያው ነው፤ የሚተካላት ደግሞ ከሁለተኛው ዓይነት ተወስዶ ነው። ከአንዱ ልጅ ቀምቶ ለሌላው ያሉት አሳቀኝ። አንቀማም፣ ጋሼ። ከተረፈው እናካፍላለን።

የሐኪምዎ መንገድ የታወቀና ጠንካራ ነው። ከሎሚው ወደ ቅልጥም የሚወርደው ጅማት ሰፊ ስለሆነ ከመካከሉ አንድ ሦስተኛው ይወሰዳል፤ በላይኛውና በታችኛው ጫፉ ትንሽ ትንሽ የአጥንት ቁራጭ እንደያዘ። ያ ቁራጭ በተበሳለት ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ አጥንት ከአጥንት ጋር ፈጥኖ ይዋደዳል። እኔ በአብዛኛው ከጭን ኋላ ነው የምወስደው። ቢሆንም ሐኪም እጁ ከለመደው መንገድ ያለ በቂ ምክንያት ውጣ መባሉን አልወድም።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ከፊት የተወሰደበት ሰው ሲንበረከክ ያመዋል። ለአንዳንዱ በጊዜ ያልፋል፣ ለአንዳንዱ አያልፍም። እህቴ በግንባታ ሥራ ላይ ናት ብለዋል። ፕላን ይዛ ቆማ የምታሠራ ከሆነ ይህ ብዙ አያሳስባትም። ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝና ሌላ እናስባለን።

እህቴን ጉንጯን ይሳሙልኝ። የቤትዎ ሰላም አይጓደል።

ልጅዎ


ኅዳር 6 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ልቤን አሳርፎታል። የተማረ ሰው ሲያስረዳ እንዲህ ነው። እናትሽ ብታነበው ለጎረቤቱ ሁሉ ታስነብበው ነበር። የምክርሽን ፍሬ ነገር ለእህትሽ በአጭሩ ነግሬያታለሁ፤ ቀጠሮዋም ለታኅሣሥ መጨረሻ ተይዟል።

እህትሽ እግሯን ሁለት ትራስ ላይ ሰቅላ ከሳሎኑ ወንበር ሆና ቤቱን ታስተዳድራለች። የግድግዳውን ፎቶ ዘንበል ብሏል ብላ ደጋግማ አስነሥታ አሰቀለችኝ። በመጨረሻ ቀና ሲል እኔ ልዩነቱ አልታየኝም፤ እሷ ግን እፎይ አለች። በበሩ ጀርባ የሰቀለችው ወፍራም የጉልበት መከላከያ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ፊቴን ይመታኛል። አንሺው ብላት ባለበት ይቆይ አለችኝ።

አሁን ሌላ ልመና አለኝ። እህትሽ ማመንታት ጀምራለች። ከሌላ ቦታ መውሰድ አይቻልም ወይ ብላ ሐኪሙን ጠየቀችው። እሱም እኔ የማምነው ይህን ነው ብሎ መለሰላት። ስለዚህ ከፊት መውሰዱ ለእሷ ተገቢ መሆኑን የሚገልጽ አጭር አስተያየት በሆስፒታላችሁ ወረቀት ላይ ጽፈሽ፣ ማኅተም አስደርገሽ ብትልኪልን ደስ ይለኛል። እኔ የምነግራት የአባት ቃል ነው፤ ማኅተም ያለው ነገር ይከብዳል። የምጠይቅሽ ለወደፊት ኑሮዋ የሚበጀውን አስቤ መሆኑን አትጠራጠሪ።

የወጣሽበት ሁሉ ይቅናሽ።

ጋሼ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ለክቡር ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከታላቅ አክብሮት ጋር ይድረስዎ። መልሴ ዘግይቷል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ጀምሬ እየቀደድኩት ነው። ለታላቅ ሰው እንቢታን እንዴት አድርጎ መጻፍ እንደሚቻል ማንም አላስተማረኝም።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ አንድ ነገር ጠይቄዎ ነበር፤ አልመለሱልኝም። የበሩ ጀርባ ግን መለሰልኝ። ፕላን ይዞ የሚቆም ሰው የጉልበት መከላከያ አያስርም። እህቴ ወለል የምታነጥፍ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ተንበርክካ የምትውል ሰው ናት።

እኛ ክፍል የታከመች አንዲት አትክልተኛ ነበረች። ጅማቱ የተወሰደላት ከፊት ነው፤ ሥራው እንከን አልነበረበትም፤ ጉልበቷም እንደ ምሰሶ ቆመ። ትሮጣለች፣ ደረጃ ትወጣለች። አፈር ላይ መንበርከክ ግን አልቻለችም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ ባልዲውን በየሜዳው እየጎተተች ትሠራ ጀመር። ስትመረመር የእኛ ሰዎች ጉልበቷ ተዋጣለት ብለው ሲጨባበጡ እሷ፣ “ለማን ነው የተዋጣለት?” ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ሕመምተኛ ሲመጣልኝ ምን ስፖርት ትወዳለህ ከማለቴ በፊት ሥራህን ስትሠራ አሳየኝ እላለሁ። አንዳንዱ ሐፍረት ይዞት ይስቃል፤ ከዚያ ግን ይጎነበሳል፣ ይቀመጣል፣ ይንበረከካል። እርስዎን በደብዳቤ እንዲህ ማድረግ አልቻልኩም።

ጋሼ፣ የሚፈልጉላት የጠና ጉልበት ነው ወይስ የማይንበረከክ ጉልበት? የመጀመሪያው ከሆነ ያለኝን ሁሉ አደርጋለሁ። ሁለተኛው ከሆነ ማኅተም የለኝም።

አንድ አባት ልጁ ከወለል ተነሥታ ወንበር ላይ ብትቀመጥለት መመኘቱ ነውር የለበትም። እኔም ወላጅ ነኝ፤ ልጄ የማልወደውን ነገር ሲወድ ማየት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ምኞታችንን ግን በሐኪም ቢላ ማስፈጸም አይገባንም። ስለ መንበርከኩ ይንገሯት። ሰምታ ከፊት ይሁን ካለች፣ ያን ጊዜ የምስማማበትን ጽፌ እልካለሁ።

ድፍረቴን ይቅር እንደሚሉልኝ በማመን፣

ልጅዎ


ታኅሣሥ 24 ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ኮቴን ለብሼ ግቢ ውስጥ ተመላለስኩ። እናትሽ ብታየኝ ትስቅ ነበር። እውነት ጽፈሻልና ይቅርታ የሚባል ነገር በመካከላችን አይነሣ።

እህትሽ ሴራሚክ አንጣፊ ናት። ሕግ መማር ጀምራ በሁለተኛው ዓመት ተወችው። ሰው ሲጠይቀኝ በግንባታ ላይ ናት እላለሁ፤ ውሸት አይደለም፣ ደግሞ እውነትም አይደለም። ጉልበቷ ሲጎዳ በጣም አዘንኩ። ግን ሐኪሙ ከፊት ነው ሲልና አንቺ መንበርከክ ያማል ስትዪ፣ በልቤ አንድ በር ገርበብ ሲል ሰማሁ። እኔ ሳልናገር፣ ሳልጣላ፣ ጉልበቷ ራሱ ከዚያ ሥራ ያስወጣታል ብዬ አሰብኩ። ወደ ችሎት የሚመጣ ባለጉዳይ ይህን ቢነግረኝ ምን እንደምለው አውቀዋለሁ።

እሁድ ዕለት ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ያልነገርኳትን፣ ያልነገርኳትም ለምን እንደሆነ ጭምር። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

በኋላ፣ “በሌለሁበት ነው የፈረድክብኝ፣ አባዬ?” አለችኝ።

አዎ አልኳት። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ግን ይግባኝ የማለት መብት አለው አልኩ፤ ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው።

“እንግዲያው ይግባኝ ብያለሁ። ተንበርክኬ የምኖረው ማንም አስገድዶኝ አይደለም፤ ከዚያ ሆኜ ነው ነገሩ ቀና መሆኑ የሚታየኝ” አለችኝ። ቀጥላም የሁለት ዓመት የሕግ ትምህርቷ ዛሬ ገና ጠቀማት ብላ ሳቀችብኝ። መሳቋን ሳይ የተሸከምኩት ነገር ወረደልኝ። እራቷን ግን ጠረጴዛ ላይ ከእኔ ጋር አልበላችም፤ ይገባኛል።

በማግሥቱ ሐኪሙ ዘንድ አብረን ሄድን። ቢሮው ጠባብ ናት፤ የጉልበት አጥንት አምሳያ በወረቀት ክምር ላይ እንደ መጫኛ ድንጋይ ተቀምጧል። እህትሽ ክራንቿን ለእኔ ሰጥታ፣ የምትሠራበትን አቀማመጥ በደህናው ጉልበቷ ወለሉ ላይ አሳየችው። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ እንደገና የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው ሆኖ አገኘሁት። ከኋላ የመውሰዱን መንገድ ተምሬዋለሁ፣ ብዙ ጊዜም ሠርቼዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ጅማቱ ግማሽ መንገድ ላይ ተበጥሶ በእጄ አጭር ሆኖ ስለወጣ ከዚያ ወዲህ ልቤ አልደፈረም አለን። ያ ሕመምተኛ በሌላ መንገድ ተጠግኖ ድኗል። ሐኪሙ ግን ያቺን ቅጽበት አልረሳትም።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ። የዘመድዎ ልጅ ጅማቱን የሚገፍፈውን ዘንግ ከመግፋቷ በፊት በእጇ የምታደርገውን ሁሉ፣ ሳታሳጥር ትጻፍልኝ አለ። ቀጠሮውን ወደ የካቲት አዛውሮታል፤ እስከዚያም በዚህ መንገድ ከሚሠራ ባልደረባው ጋር ገብቶ እጁን ያፍታታል። ስለዚህ የማኅተሙን ልመና ትቼ ይህን እለምንሻለሁ።

በምትገቢበት ሁሉ ብርሃን ይቅደምሽ።

ጋሼ


ጥር 10 ቀን

ለክቡር ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እህቴን በአካል ሳላገኛት ናፍቆቷ ያዘኝ። ለሐኪሙ ከልብ የመነጨ አክብሮቴን ያድርሱልኝ። እንዲህ ያለውን ነገር በሕመምተኛና በአባቷ ፊት የሚናገር ባልደረባ በኖረኝ ብዬ ብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ። የሚከተለው ለእሱ ነው፤ እርስዎም ቢያነቡት የሚከብድ ነገር የለበትም።

ጉልበቱን አጥፌ፣ ከመገጣጠሚያው ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብዬ፣ በውስጥ በኩል ቆዳውን በአጭሩ እሰነጥቃለሁ። በአውራ ጣት ሲዳበስ ከጭን ኋላ የሚወርዱ ሁለት ገመዶች ከቆዳው ሥር ይንከባለላሉ፤ የምንፈልገው ወፍራሙን ነው። በዚያ ሰፈር የቆዳ ስሜት የሚያመላልስ ቀጭን ነርቭ ስለሚያልፍ አልቸኩልም። የሚሸፍናቸውን ስስ ልባስ ገልጬ ወፍራሙን ገመድ አወጣለሁ፤ ጫፉንም በክር እይዘዋለሁ።

ሁሉ ነገር የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ነው። ከዚህ ገመድ ወደ ባት ጡንቻ የሚዘልቁ ቅርንጫፎች አሉ። እነሱ ሳይቆረጡ ባለ ቀለበቱን ዘንግ የገፋ ሰው ዘንጉ መንገድ ይስትበታል፤ ጅማቱን ከመግፈፍ ይልቅ ይቆርጠዋል። ሐኪሙ ያጋጠመው ይህ ይመስለኛል፤ እሱ ብቻም አይደለም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ክሩን ይዤ ጅማቱን ወደ እኔ እስባለሁ፤ ዓይኔ ግን ጅማቱ ላይ አይደለም፣ ባቱ ላይ ነው። የባቱ ቆዳ ስስብ ጎድጎድ ካለ ገና የሚጎትት ቅርንጫፍ አለ ማለት ነው። ጣቴን ሰድጄ እፈልገዋለሁ፣ እቆርጠዋለሁ፣ እንደገና እስባለሁ። ባቱ ዝም እስኪል ይህን እደጋግማለሁ። ዝም ሲል ቀለበቱን በጅማቱ ላይ አጥልቄ፣ ዘንጉን ከጭኑ ጋር አስተካክዬ፣ በአንድ እጄ ጅማቱን ወጠር አድርጌ በሌላው ቀስ እያልኩ እገፋለሁ። እንቢ ካለ አልታገለውም። መልሼ አውጥቼ የቀረ ቅርንጫፍ እፈልጋለሁ።

ሲወጣ ጫፉ ላይ ቀይ ሥጋ ይዞ ይወጣል። እሱን በቢላ ጀርባ እፍቃለሁ፤ ከዚያ ጅማቱ ይታጠፋል፣ ይሰፋል፣ ይወጠራል፣ በራሰ ፋሻ ይጠቀለላል። በዚያች ሰዓት በክፍሉ ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ ባለ ሥልጣን የለም። በአጠገቡ የሚያስነጥስ ሰው ወዳጅ አያተርፍም።

እህቴ ግን ዋጋውን ትወቅ። ተረከዟን ወደ ኋላ ስትስብ ያ እግር ለጊዜው ይደክማል፤ ጥቂቱ ድካም ሊቀርም ይችላል። ከቁስሉ አጠገብ አንድ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ሊደነዝዝባት ይችላል። መንበርከኩም ቢሆን ከፊት ከመውሰድ ይሻላል እላለሁ እንጂ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልምልም። ደግሞ ጅማቱ ቢያጥር ወይም ቢቀጥን ሌላ ምን እንደሚደረግ፣ ከሎሚው በላይ ካለው እንደሚወሰድ ወይም እንደማይወሰድ፣ ሳትተኛ በፊት ከሐኪሙ ጋር ትስማማ። ተኝታ ሳለች ማንም እንዳይወስንላት።

ባለ ቀለበቱን ዘንግ፣ የምወደውን ዓይነት፣ ወደ እናንተ ከሚመጣ ባልደረባዬ ጋር ልኬዋለሁ። ሐኪሙ እጁ ላይ ካልተስማማው የራሱን ይጠቀም፤ ቅር አይለኝም።

በጸሎትዎ ያስቡኝ።

ልጅዎ


የካቲት 27 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሁሉም በሰላም ተፈጽሟል።

እኔ የተቀመጥኩበት ኮሪደር ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ቅባት ቀለም የተቀባ፣ አግዳሚ ወንበሩ በአንድ እግሩ የሚወላወል ነበር። ጽዳት ሠራተኛዋ እግሬን አንሣ ባለችኝ ቁጥር አነሣሁ። የያዝኩትን ጋዜጣ አንድ ገጽ እንኳ ሳልገልጥ ዋልኩ። ሐኪሙ ብቅ ሲል ጭንብሉን አውርዶ፣ ሳይናገር በፊት ሁለት እጆቹን እንደ ዓሣ አጥማጅ ዘርግቶ አሳየኝ። “ሙሉውን!” አለኝ። በችሎት ሲመሰክር የማውቀው ረጋ ያለ ሰው እንደ ልጅ ፈክቶ ነበር። “ባቷ ዝም እስኪል ጠበቅሁ፤ ዝም ያለ መስሎኝ ልገፋ ስል እንደገና ጎደጎደ፣ አንድ ቅርንጫፍ ተደብቆ ኖሯል፣ እሱን ቆርጬ ገፋሁ፤ እንደ ክር ከቅቤ ወጣ” እያለ ነገረኝ። በአንቺ ዘንግ ነው የሠራው። ሊመልስልሽ ሲነሣ እንዳይመልሰው እኔ ፈርጄበታለሁ።

እህትሽ ስትነቃ የመጀመሪያው ቃሏ፣ “ከየት ወሰዳችሁ?” የሚል ነበር። ነገሩን አስቀድማ ነግራው ኖሮ፣ ሐኪሙ በዳኛ ድምፅ፣ “ይግባኝሽ ተቀባይነት አግኝቷል” አላት። ነርሷ ግራ ገብቷት ሁለቱንም ተመለከተቻቸው።

አሁን ቤት ናት። የነገርሽን የድንዛዜ ሰፈር በቁስሉ አጠገብ አለ፤ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምራ ካርታ አድርጋዋለች። ተረከዟን ለመሳብ ስትሞክር ፊቷን ታጨማድዳለች። እራት ግን ከእኔ ጋር ትበላለች።

በዚህ ደብዳቤ የምጠይቅሽ ነገር የለም። እስኪ እንዲህም ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

የዋልሽበት ይባረክ።

ጋሼ


መጋቢት 20 ቀን

ለክቡር ጋሼ፣

ደስታዬን በክፍላችን ላሉት ሁሉ አካፈልኩ። የዓሣ አጥማጁን እጅ ሳሳያቸው ቋንቋችንን የማያውቁት ሁሉ ገባቸው።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። የተተከለው ጅማት እንግዳ ነው፤ የአዲሱን ቤት ደም እስኪለምድ መጀመሪያ ይደክማል፣ ከዚያ ይጠነክራል። ችግሩ፣ በሚደክምበት ጊዜ ሕመሙ ቀድሞ ስለሚጠፋ ሰው ዳንኩ ይላል። እህቴ አሁን አያመኝም ብላ ወለል ላይ ለመውረድ ስትነሣ ያገኟት ይሆናል። ያን ጊዜ ይከልክሏት። ከዚህ ቀደም የከለከሏት ሳያስፈልግ ነበር፤ ይህኛው ግን ያስፈልጋል። ሐኪሙ ፈቀድኩ እስኪል ልቧ ይታገሥ።

ለእሷ የተለየ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ እርስዎ እንዳያነቡት። ስለ እርስዎ ነው።

ልጅዎ


ኅዳር 3 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ከነቤተሰብሽ እንደምን ከረምሽ። ዝምታዬ ረዘመ፤ መጥፎ ዜና ስላለኝ አይደለም። ልነግርሽ የፈለግሁትን በዓይኔ ሳላይ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው።

እንደ ገመትሽው ነበር። በሚያዝያ አያመኝም ብላ ልትወርድ ስትል አገኘኋት፤ በስምሽ ከለከልኳት፤ አኮረፈች፤ ግን ታገሠች። የጉልበት ልምምዱን የምታሠራት ባለሙያ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት፤ እህትሽ የፈራችው ሰው ቢኖር እሷን ነው። በክረምቱ መጨረሻ ሐኪሙ በቢሮው ወለል ላይ ፎጣ አንጥፎ ተንበርከኪ አላት። ወረደች። ቆየች። ትንሽ ይወጋል፣ ግን የሚኖሩበት ነው አለች። ስትነሣ እጇን ሊሰጣት ሲል፣ “ተወኝ፣ ዶክተር፣ የምነሣበትን እኔ ልወቀው” አለችው።

ደብዳቤሽን አላሳየችኝም፤ ጠይቄአትም አላውቅም። ነገር ግን ካነበበችው በኋላ አንድ ቀን፣ ነይ ብትለኝ አብሬህ ችሎት ድረስ እሄድ ነበር፣ አንተ ግን የኔን ሥራ አንድ ቀን መጥተህ አይተህ ታውቃለህ ወይ አለችኝ። አላውቅም ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን።

ባለፈው ሐሙስ ሄድኩ። አዲስ ለሚከፈት ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሹን ወለል ይዛለች። መስኮቶቹ ገና መስተዋት ስላልገባላቸው ብርሃኑ እንዳለ ይገባል። በሩ ላይ ቆሜ ለብዙ ጊዜ ተመለከትኩ። በሁለት ጉልበቷ ተንበርክካ፣ ጀርባዋን ወደ እኔ አድርጋ፣ አንዱን ንጣፍ አስቀምጣ በጎማ መዶሻ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች፣ ጉንጯን ወደ ወለሉ ታስጠጋለች፣ በአንድ ዓይኗ ታያለች፣ አንድ ጊዜ ደግማ ጠቅ ታደርጋለች፣ ታልፋለች። ክብደቷን ከደህናው ጉልበት ወደ ታከመው፣ ከታከመው ወደ ደህናው ስታዛውር የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ከኋላዋ ያለው ወለል እንደ ረጋ ውሃ ተዘርግቷል። ስትሠራ ታንጎራጉራለች። ይህን አላውቅም ነበር፤ ቤት ውስጥ አታንጎራጉርም።

ሳላስበው አንድ እርምጃ ገባሁ። ጫማዬን ሰማች፤ ዘወር ሳትል እጇን ብቻ አንሥታ፣ “እዚያ ጋ ያለኸው ሰውዬ፣ ማጣበቂያው ገና አልያዘም! በግድግዳው በኩል ዙር” አለች።

ችሎት ስገባ ሰው ሁሉ ይነሣልኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። እሷ ማን እንደሆንኩ አላየችም፤ እኔም አልነገርኳትም። እንደታዘዝኩት በግድግዳው በኩል ዞርኩ።

ጋሼ